ራምቦ ወደ ሐረር ከመምጣቱ በፊት

ሐረር ጀጎል የገባ እንግዳ ራምቦ ቤትን ሳያይ አይመለስም። ያ ባለ ቀለም መስተዋት ትልቅ የእንጨት ቤት የፈረንሳዊውን ገጣሚ የአርቱር ራምቦን ስም ይዞ ቆሟል። ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች ቤቱን ያሠራው አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ እንደሆነና ራምቦም እንዳልኖረበት ይናገራሉ። ቢሆንም ስሙ አንዴ ወጥቷልና ማን ይፍቀው! እኛ ራምቦን የምናውቀው በሐረሩ በኩል ነው፤ ቡናና ቆዳ ሲነግድ፣ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሲያመጣ። ፈረንሳዮቹ ደግሞ የሚያውቁት በግጥሙ ነው፤ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ብዕሩን የጣለ፣ ነገር ግን የዘመናዊ ግጥምን መንገድ የቀየረ ልጅ እግር ገጣሚ።

እኔ በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ከሁለቱ መካከል ያለውን ነው። ራምቦ ባሕር ከመሻገሩ በፊት በፓሪስ ከተማ፣ በካፌና በገበታ ዙሪያ፣ ከጓደኞች ጋር ያሳለፋቸው ወራት ነበሩ። ቢደመሩ አሥር ወር አይሞሉም። ይሁንና እነዚያ ወራት ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ስለ ራምቦ የምናወራው ነገር ይኖር ነበር ወይ? የሚለው ጥያቄ ከያዘኝ ቆይቷል። ርዕሱን የመረጥሁበት የራሴም ምክንያት አለኝ፤ እሱን እግረ መንገዴን አነሳዋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቻርልቪል ልጅ

ራምቦ ኦክቶበር 20 ቀን 1854 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ለቤልጅግ ድንበር ቅርብ በሆነችው በቻርልቪል ተወለደ። አባቱ የጦር ሠራዊት ሻምበል ነበር፤ ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡን ጥሎ ሄደና በዚያው ቀረ። እናቱ ጥብቅ ሴት ናት። ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ ቤት፤ ከዚህ ውጪ ዋዛ የለም። ልጁ በትምህርቱ እሳት ነበር፤ በላቲን ግጥም ሽልማት በሽልማት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1870 መጀመሪያ ዦርዥ ኢዛምባር የሚባል ወጣት መምህር መጣና የራሱን መጻሕፍት ያውሰው ጀመር። መቼም አንድ መምህር በአንድ ተማሪ ሕይወት ላይ የቱን ያህል እንደሚሠራ እዚህ ላይ ማየት ይቻላል።

ቻርልቪል ግን ጠበበችው። በኦገስት 1870 መጨረሻ፣ ፈረንሳይና ፕሩሲያ በጦርነት ላይ ሳሉ፣ ከቤት ጠፍቶ ባቡር ተሳፈረ። ሙሉ ቲኬት አልነበረውምና ፓሪስ ሲደርስ ማዛስ የሚባል እስር ቤት ገባ። ከተማዋን መጀመሪያ ያያት እንግዲህ ከእስር ቤት መስኮት ነው ለማለት ይቻላል። ያስፈታው ያው መምህሩ ኢዛምባር ነው። ከዚያ በኋላ ዱዌ ከተማ፣ ኢዛምባር ዘንድ በሰነበተበት ጊዜ ፖል ደሜኒ ከሚባል ወጣት ገጣሚ ጋር ተዋወቀ። 22 ግጥሞቹን በጥንቃቄ ገልብጦ ሰጠው። በጁን 1871 ደግሞ ለዚሁ ለደሜኒ ደብዳቤ ጽፎ ግጥሞቹን በሙሉ እንዲያቃጥላቸው አሳሰበው። ደሜኒ አላቃጠላቸውም። አንባቢ ይህችን ነገር በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የፓሪስ ገበታ

በሴፕቴምበር 1871 ራምቦ ለፖል ቬርሌን ጻፈ፤ ግጥሞቹንም አብሮ ላከ። ቬርሌን 27 ዓመቱ ነው። በፓሪስ ስሙ መጠራት የጀመረ ገጣሚ፣ ባለትዳር፣ ሚስቱ ማቲልድ ነፍሰ ጡር፣ መኖሪያቸውም ሞንማርትር በሚስቱ ወላጆች ቤት። ግጥሞቹን ሲያነብ ተደነቀ፤ ቶሎ እንዲመጣ ጻፈለት፤ የመሳፈሪያ ገንዘብም ላከለት።

ራምቦ ባዶ እጁን መሄድ አልፈለገም። ከተማ ሲገባ የሚያነበው ግጥም ያስፈልገዋል። «የሰከረው መርከብ» የተባለውን ባለ 100 ስንኝ ግጥም የጻፈው በዚህ ጊዜ ነው። ሰው አልባ ሆኖ በውቅያኖስ ላይ የሚንከራተት መርከብ በራሱ አንደበት የሚናገርበት ግጥም ነው። የሚገርመው ግን ልጁ ይህን ሲጽፍ ባሕር የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም! ባሕሩን ያየው በመጻሕፍት ብቻ ነው።

ፓሪስ በደረሰ ዕለት ቬርሌንና ጓደኛው ሻርል ክሮ ሊቀበሉት ባቡር ጣቢያ ወረዱ። መልኩን አያውቁትምና ተላለፉ። ተስፋ ቆርጠው ቤት ሲመለሱ ልጁ በእግሩ መጥቶ ሳሎን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጦ አገኙት። ገና አሥራ ሰባት ዓመት አልሞላውም፤ ፊቱ የሕፃን፣ እጅና እግሩ የገበሬ፣ ሱሪው ያጠረው፣ ጨዋታ የማያውቅ።

በዚያው ወር መጨረሻ ቬርሌን ወደ ገጣሚዎችና ሠዓሊዎች የእራት ማኅበር ወሰደው። ማኅበሩ «ቪላን ቦንዞም» ይባላል፤ ወደ እኛ ሲመለስ «ክፉዎቹ ደጋግ ሰዎች» እንደማለት ነው። በየጊዜው ተሰብስበው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ግጥም ያነባሉ። ራምቦ ተነሥቶ ሲያነብ ሰው ሁሉ አፉን ከፈተ። ገጣሚው ሌዎን ቫላድ በዕለቱ ላልነበረው ጓደኛው ለኤሚል ብሌሞን በጻፈው ደብዳቤ አንድ ታላቅ ተሰጥኦ ብቅ ማለቱን አብሥሮታል። ከእራቱ ታዳሚዎች አንዱ ልጁን በመምህራን መካከል ከተቀመጠው ሕፃኑ ኢየሱስ ጋር ቢያመሳስለው፣ ሌላው ቀበል አድርጎ ኧረ ይሄስ ሰይጣን ነው አለ። ሁለቱም ብዙ አልተሳሳቱም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የከተማ ኑሮ በሙሉ ኃይሉ ነው። ራምቦ ከቬርሌን አማቾች ቤት ብዙም ሳይቆይ ወጣ፤ ጠባዩ አላስቀምጥ አለው። ጓደኞቹ ግን ሜዳ ላይ አልጣሉትም። ሻርል ክሮ አስጠጋው። ታዋቂው ገጣሚ ቴዎዶር ደ ባንቪል ክፍል ሰጠው። በገባበት ሌሊት መስኮት ላይ ቆሞ ልብሱን እያወለቀ ወደ ውጪ ወረወረ ተብሎ ይነገራል። ለምግቡና ለማደሪያው መዋጮ ያዋጡለት ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ አንድም መጽሐፍ ያላሳተመ የገጠር ልጅ፣ የተከበሩ ገጣሚዎች ሳንቲም እያዋጡ ያኖሩታል። ይህን የሚያደርግ ከተማ ብቻ ነው።

በሳን ሚሼል ጎዳና በአንድ ሆቴል ውስጥ «ዙቲስት» የተባለ ማኅበር ነበራቸው። «ዙት» ማለት በእኛ «ኧረ ወዲያ!» እንደማለት ነው። ካባኔር የሚባል ሙዚቀኛ መጠጡን ያስተናግዳል፤ ራምቦ ለተወሰነ ጊዜ እዚያው ያድር ነበር። አንድ ትልቅ አልበም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የመጣ ሁሉ የታዋቂ ገጣሚን ስልት እያስመሰለ የቀልድ ግጥም ይጽፍበታል፣ ሥዕል ይሥልበታል። ራምቦም ሃያ ያህል ጽሑፍ አስገብቶበታል። አብሳንት የሚባለው አረንጓዴ መጠጥ ይቀዳል፤ ክርክሩ፣ ሳቁ፣ ስድቡ እስኪነጋ ይቀጥላል። አልበሙ ከብዙ አሥርተ ዓመታት በኋላ ተገኝቶ ታትሟል።

እኔ ስገምት ራምቦ በዚህ ጊዜ የተማረው በቻርልቪል ቤተ መጻሕፍት የማይገኝ ነገር ነው። የሌላውን ሰው ድምፅ ለቀልድ ሲያስመስል የራሱ ድምፅ የትኛው እንደሆነ ለየ። አናባቢ ፊደላትን በቀለም የመሰለበት «አናባቢዎች» የተባለው ታዋቂ ግጥሙ ከዚህ ዘመን አካባቢ ነው። የእጅ ጽሑፉን ለኤሚል ብሌሞን ሰጠው፤ ብሌሞንም አስቀመጠው።

ገበታው ሲበጠስ

እውነቱን ለመናገር ራምቦ የተሰጠውን ገበታ አላከበረም። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ የእሱ አፍ ሲከፈት ግን ንቀቱም አብሮ ይታይ ነበር። ማርች 2 ቀን 1872 በአንድ እራት ላይ አንድ ገጣሚ ግጥሙን ሲያነብ ራምቦ በእያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ ላይ ጸያፍ ቃል ይጨምርበት ጀመር። ፎቶግራፍ አንሺው ኤቲየን ካርዣ አስወጣው። ካርዣ ማለት እኮ ያንን ዛሬ በየመጽሐፉ ሽፋን ላይ የምናየውን የራምቦ ፎቶግራፍ ያነሣው ሰው ነው። ራምቦ በውስጡ ስለት ያለበት ምርኩዝ ይዞ ጠበቀውና እጁን አቆሰለው። ቁስሉ ቀላል ነበር። ነገር ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ራምቦ ከማኅበሩ ተባረረ። ቬርሌንም ትዳሩን ለማብረድ ሲል ለጊዜው ወደ ቻርልቪል እንዲመለስ አደረገው። በሜይ ግን ተመልሶ መጣ።

በዚያው ሰሞን ሠዓሊው ኦንሪ ፋንተን ላቱር «የገበታው ጥግ» የተባለውን ሥዕል ይሥል ነበር። ዛሬ በፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። ስምንት ሰዎች አሉበት፤ አምስቱ ተቀምጠዋል፣ ሦስቱ ቆመዋል። ግራ ጥግ ላይ ቬርሌን፣ ከአጠገቡ ፀጉሩ የተንጨባረረው ራምቦ አገጩን በእጁ ደግፎ ለሌሎቹ ጀርባውን ሰጥቷል። ቫላድም ብሌሞንም አሉ። አልቤር ሜራ የሚባለው ገጣሚ ግን ከእነዚህ ሁለቱ ጋር አልሣልም ብሎ ወጣ፤ ሠዓሊውም በእሱ ቦታ የአበባ ማስቀመጫ ሣለበት። ሜራ ለራሱ ክብር ብሎ ይሆናል፤ የሆነ ሆኖ ዛሬ ያንን ሥዕል የሚያይ ሰው የሚያየው አበባውን ነው።

ይህን ሥዕል በመጽሐፍ ባየሁ ቁጥር የእኛን ባች ፎቶግራፎች አስባለሁ። መቼም በግቢያችን ያለ ሰው የሽኝት ነገር እንግዳ አይሆንበትም። አንዱ ዲቪ ደረሰው፣ አንዷ ስኮላርሺፕ አገኘች፣ ሌላው ወደ አረብ አገር ሊሄድ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ያሉት የመጨረሻ ሳምንታት ሌላ ናቸው። የማይከፈት በር የለም፣ የማይጠጣ ማኪያቶ የለም፤ ለወትሮ ከዶርም የማይወጣው ልጅ ሳይቀር በየማታው ከተማ ነው። ቤተሰብ ገንዘብ ባከነ ይላል። አንዳንድ ጓደኞቻችንም ሊሄድ ነው፣ ምን ያደርግልናል እያሉ ራቅ ይላሉ፤ እንደ ሜራ አበባውን ትተው ይሄዳሉ ማለት ነው። ሌሎች ደግሞ ሂያጁ ራሱ እንደ ራምቦ ይሆንባቸዋል፤ ልቡ ቀድሞ ተሳፍሯልና የቀሩትን ይንቃል። ርዕሱን የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው። ያ ሁሉ ጨዋታ ከሄዱ በኋላ ምን ይረባል? ወደ ራምቦ ልመለስ።

ባሕሩን መሻገር

ጁላይ 7 ቀን 1872 ራምቦና ቬርሌን ፓሪስን ለቀው ሄዱ። ግንኙነታቸው ከጓደኝነት አልፎ ፍቅር ሆኖ ነበር። ቬርሌን ሚስቱንና ገና ዓመት ያልሞላውን ልጁን ትቶ ነው የወጣው። ሽኝት የለ፣ ስንብት የለ። መጀመሪያ ቤልጅግ ቆዩ፤ በሴፕቴምበር ከኦስተንድ ወደብ መርከብ ተሳፍረው እንግሊዝ ገቡ። የሰከረውን መርከብ የጻፈው ልጅ በዚህ መንገድ ባሕሩን ተሻገረ።

ለንደን ላይ ፈረንሳይኛ በማስተማር ለመኖር ሞከሩ። ገንዘብ የለም፤ ጠብ ግን ሞልቷል። ጁላይ 10 ቀን 1873 ብራስልስ ውስጥ ቬርሌን ሰክሮ ሽጉጥ ተኮሰና የራምቦን የግራ እጅ አንጓ መታ። ራምቦ ክሱን ቢተውም ቬርሌን ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

ራምቦ ቁስሉን ይዞ ወደ እናቱ እርሻ ተመልሶ «በሲኦል አንድ ወቅት» የተባለውን መጽሐፍ ጨረሰ። በሕይወት ሳለ ራሱ ያሳተመው ብቸኛ መጽሐፍ ይኼ ነው። ብራስልስ ላይ 500 ቅጂ ታተመ። የጥቂቱን ቅጂ ወስዶ ፓሪስ ወረደ፤ ለጓደኞች ሊያድል። ነገር ግን የትኞቹ ጓደኞች? የብራስልሱ ወሬ ቀድሞት ደርሶ ነበርና ካፌ ውስጥ ሰው ጀርባውን ሰጠው። ከሁለት ዓመት በፊት አፉን ከፍቶ ያዳመጠው ከተማ ሰላምታ ነፈገው። የቀሩት ቅጂዎች በማተሚያ ቤቱ መጋዘን ተረስተው እስከ 1901 ድረስ አቧራ ለበሱ።

በመጽሐፉ ውስጥ ተናጋሪው አውሮፓን ትቶ ወደ ሞቃት አገር እንደሚሄድ፣ በፀሐይ ጠቁሮና ጠንክሮ፣ ወርቅ ይዞ እንደሚመለስ ያልማል። ሕልሙ ግማሹ ደረሰ። በ1875 መጀመሪያ ቬርሌን ከእስር ወጥቶ ሽቱትጋርት ድረስ ሄዶ አገኘው፤ ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። ራምቦ ግን በዚያ ጊዜ የቀሩትን ጽሑፎቹን ለቬርሌን ሰጠው። እነዚህ ወረቀቶች ዛሬ «ኢሉሚናሲዮን» በሚል ርዕስ የሚታወቁት ናቸው፤ ከፊሉን የገለበጠው ዤርማን ኑቮ የሚባል ሌላ ወዳጁ ነው።

ከዚያ መንገድ ብቻ ሆነ። በ1876 ለሆላንድ ቅኝ ጦር ተቀጥሮ ጃቫ ደረሰና ከዳ። ቆጵሮስ ላይ የድንጋይ ካባ ሠራተኞች አለቃ ሆነ። በኦገስት 1880 ኤደን ደርሶ በባርዴ የቡና ንግድ ቤት ተቀጠረ፤ በዲሴምበርም ሐረር ገባ።

ሐረር

ሐረር ያኔ በግብፆች እጅ ነበረች። ራምቦ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዓመት ያህል፣ ሁለተኛ ከ1883 እስከ 1884፣ ሦስተኛ ደግሞ ከ1888 እስከ 1891 ኖሮባታል። ቡና፣ ቆዳ፣ ሙጫ፣ የዝሆን ጥርስ ይገዛል፤ ጨርቅና ሸቀጥ ይሸጣል። የአካባቢውን ቋንቋዎች ተማረ፤ ስለ ኦጋዴን የላከው ዘገባ በ1884 በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ታተመለት። የጠመንጃው ንግድ ግን ጎዳው። ሸሪኩ ላባቱ ሞተበት። ታጁራ ላይ ፈቃድና ግመል ሲጠብቅ ወራት አለፉ። በኦክቶበር 1886 ሲራራውን ይዞ ተነሣ፤ በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ሲደርስ ንጉሥ ምኒልክ የሉም፣ ሐረርን ይዘው ወደ እንጦጦ እየተመለሱ ነበር። እዚያው እንጦጦ ድረስ ሄደ። ጠመንጃዎቹን በርካሽ ሸጠ፤ የላባቱ አበዳሪዎች ደግሞ ከየአቅጣጫው ከበቡት።

ከሐረር ለእናቱና ለእኅቱ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ደጋግሞ የሚያነሳው አንድ ነገር ስልቹነቱ ነው። የሚያወራው ሰው የለም፣ ጋዜጣ የለም፣ ፀጉሩ እየሸበተ ነው፣ አግብቶ ልጅ ወልዶ ማስተማር ይመኛል። እናቱን እንድትልክለት የሚጠይቃቸው መጻሕፍት ስለ አናጢነት፣ ስለ ብረት ሥራ፣ ስለ ቅየሳ ናቸው፤ አንድ እንኳ የግጥም መጽሐፍ የለበትም።

ይሁንና ብቻውን ነበር ማለት አይቻልም። የሐረር ገዢ የነበሩት መኰንን ያውቁታል፣ ይገበያዩታል። የምኒልክ አማካሪ ከነበረው ከስዊሱ መሐንዲስ ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር ለዓመታት ተጻጽፈዋል፤ ደብዳቤዎቹ ስለ ንግድ ቢሆኑም የድሮው ፌዘኛ ራምቦ ብቅ ይልባቸዋል። ጃሚ የሚባል የሐረር ወጣት ታማኝ አገልጋዩ ነበር። እንግዲህ ሰውየው ጨዋታ አልረሳም፤ የተወው የፓሪሱን ጨዋታ ነው።

በሌሎች እጅ የቀሩ ወረቀቶች

አሁን ወደ ደሜኒ ነገር ልመለስ። ራምቦ ወደ ኤደን ሲሄድ ግጥሞቹን አልያዘም። የተረፉት በሌሎች እጅ ናቸው። እንዲቃጠሉ የታዘዙትን 22 ግጥሞች ደሜኒ ጠብቋቸዋል። «አናባቢዎች» ብሌሞን ዘንድ ነው። የ«የሰከረው መርከብ» በራምቦ እጅ የተጻፈ ቅጂ ዛሬ አይታወቅም፤ ግጥሙ የደረሰን ቬርሌን በገለበጠው ቅጂ ነው። ዓለም ያደነቀው ግጥም በአንድ ሰካራም ጓደኛ የእጅ ጽሑፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው!

በ1883 ቬርሌን «የተረገሙ ገጣሚዎች» በሚል ርዕስ በጋዜጣ ላይ ስለ ራምቦ ጻፈ፤ ግጥሞቹንም አወጣ። «የሰከረው መርከብ» ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ያኔ ነው፤ ራምቦ ግን ሐረር ውስጥ ቆዳ ይመዝን ነበር። በ1886 «ኢሉሚናሲዮን» ላ ቮግ በተባለ መጽሔት ላይ በተከታታይ ወጣ፤ ራምቦ ግን ታጁራ ላይ ግመል ይጠብቅ ነበር። ፓሪስ ውስጥ ወጣት ገጣሚዎች ስሙን እንደ ሙት ሰው ስም ያነሡት ጀመር። አሠሪው ባርዴ ከአንድ ጋዜጠኛ ይህንን ሰምቶ ቢነግረው ራምቦ መስማት አልፈለገም፤ ያን ዘመን እንደ ቆሻሻ ነገር ገፋው።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህን ነው። ራምቦ በፓሪስ ወራቱ ብዙ ነገር አባክኗል፤ ገንዘብ፣ ጤና፣ የሰው ፊት። ሳይሰናበት ሄዷል። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ሁካታ መካከል ሦስትና አራት ሰዎች ወረቀቱን ይዘውለት ቀርተዋል። እነዚያን ሰዎች ያገኘው ብቻውን ተቀምጦ በመጻፍ ብቻ አይደለም፤ በገበታ ዙሪያ በማምሸት፣ በመከራከር፣ በመሳቅ ጭምር ነው። ቻርልቪል ቀርቶ ቢሆን ግጥሙን ይጽፍ ይሆናል፤ የሚያስቀምጥለት ግን ማን ነበር? ከጓደኞች ጋር ማምሸት ጊዜ ማባከን ነው ለሚሉ ሰዎች መልሴ ይኸው ነው። ለሚሄደው ደግሞ ሌላ ነገር እላለሁ፤ የምትንቀው ሰው የምትተወውን ነገር ጠባቂ ሊሆን ይችላል።

እኔ ዘንድ አንድ ሰማያዊ ደብተር አለ። የባቻችን ልጅ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ሻንጣው ኪሎ አልፎበት ከሌሎች ዕቃዎች ጋር የተወው ነው። ግጥም አለበት፤ አንዳንዱ ልጅነት የበዛበት፣ ሁለቱ ሦስቱ ግን ጥሩ የሆኑ። ስደውልለት ጣለው እባክህ፣ ምን ያደርግልሃል ይለኛል። አልጣልኩትም። ጓደኛዬ ራምቦ ነው እያልኩ አይደለም። ደሜኒም ቢሆን ደብዳቤው ሲደርሰው ራምቦ ራምቦ እንደሚሆን አያውቅም ነበር።

መጨረሻው

በ1891 መጀመሪያ የራምቦ ቀኝ ጉልበት ያመው ጀመር። መቆም ሲያቅተው ሱቁን ዘግቶ ቃሬዛ አሠራ። ኤፕሪል 7 ቀን በአሥራ ስድስት ሸካሚዎች ትከሻ ከሐረር ወጣ፤ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት ዘይላ ደረሰ። ከኤደን በመርከብ ወደ ማርሴይ ተወሰደ። በሜይ መጨረሻ እግሩ ተቆረጠ። የመጽሐፉ ሰው እንዳለመው ከሞቃት አገር ገንዘብ ይዞ ተመልሷል፤ ጥንካሬው ግን አልነበረም።

ለጥቂት ሳምንታት እናቱ እርሻ ሰነበተና ወደ ሐረር መመለስ አለብኝ ብሎ እንደገና ማርሴይ ወረደ። እኅቱ ኢዛቤል አስታመመችው። በሕመሙ ውስጥ የሚያነሳው የፓሪስ ጓደኞቹን ሳይሆን ሐረርን ነበር፤ ለጃሚ 3000 ፍራንክ እንዲላክለትም አሳሰበ። ኖቬምበር 9 ቀን ለአንድ የመርከብ ድርጅት ኃላፊ ደብዳቤ አስጻፈ፤ መቼ ወደ መርከቡ እንደሚያስገቡት እንዲነግሩት ይጠይቃል። በማግሥቱ ኖቬምበር 10 ቀን 1891 አረፈ። ዕድሜው 37 ነበር።

ቻርልቪል ሲቀበር ከሬሳው በስተኋላ የሄዱት እናቱና እኅቱ ብቻ ናቸው። ከገበታው ጥግ አንድም ሰው አልነበረም፤ መሞቱንም አልሰሙም። በዚያው ወር ግን ፓሪስ ውስጥ የግጥሞቹ ስብስብ በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ። በ1895 ደግሞ ቬርሌን፣ ራሱ ታሞና ደህይቶ፣ ለሌላ ሰፋ ያለ የግጥሞቹ ስብስብ መቅድም ጻፈ። ብራስልስ ላይ ከተኮሰበት ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጃንዋሪ 1896፣ እሱም ሞተ።